ከበረንዳዬ ሥር

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ትልቅ ድስት ፉል አሳረርኩ። ሥራ በዝቶብኝ ቢሆን ጥሩ ነበር። ስልኬ ላይ አንድ ሰውዬ ግመል ባጃጅ ውስጥ ለማስገባት ሲታገል የሚያሳይ ቪዲዮ ከፍቼ፣ መጨረሻው ምን ይሆን ብዬ ጓጉቼ ነው። ግመሏ አልገባችም። ፉሉ ግን አረረ።

ደንበኞቼ ገብተው የመጀመሪያውን እንደቀመሱ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ምን ነካው ዛሬ?» ሲሉኝ አፌ እኔን ሳያማክር «መብራት ጠፍቶብኝ ነው፤ ምን ይደረግ፣ የዚህን አገር ነገር ታውቁታላችሁ» አለ። አንድ የባጃጅ ሾፌር ዳቦውን በእጁ እንደያዘ አንገቱን አስግጎ ወደ ጓዳዬ አየና፣ «ጋሽ ታምሩ፣ ከሰሉም በቆጣሪ ሆነ እንዴ?» አለኝ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅኩ። በራሴ ላይ መሳቅ ከፉል ቀጥሎ የማውቀው ሙያ ነው። ሰዉ ወደ ሳህኑ ሲመለስ ግን ጆሮዬ እንደጋለ ቀረ። ምክንያቱም አንዲት ሴት ከዓመታት በፊት አንድ ቀን እንዲህ እንደምል አውቃ ነግራኝ ነበር።

ነገሩ የሆነው በወጣትነቴ ነው። ወጣትነቴ ስል ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነበር። አትሳቁ፤ በወረቀት ወጣት ነበርኩ። የቀበሌያችን የወጣቶች ማኅበር አባል ሆኜ፣ ፀጉሬ ከፊት ለፊት እየሸሸ፣ በየስብሰባው «እኛ ወጣቶች» እያልኩ እናገር ነበር። ዕድሜዬን የጠየቀኝ የለም። የጠረጠሩም ዝም አሉኝ፤ እኔ ከሌለሁ ስብሰባው አያስቅማ።

ፉል ቤቴ ያኔም አሁን ያለበት ጂጂጋ ውስጥ ነው። አያቴ በወታደርነት መጥቶ ለመመለስ ሲያስብ ያረጀባት ከተማ ናት። ከእኔ ቤት ከፍ ብሎ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዞ፣ የኤዶ ሳፊያ ሱቅና መኖሪያ ነበር። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ፣ ሶማሌውም አማራውም ጉራጌውም፣ እንደዚያ ነበር የሚጠራት። ሩዝ፣ ስኳር፣ ፓስታና ዘይት ትሸጣለች፤ ከደጇ ላይ ደግሞ የግመል ወተት የገባበት ሻይ። ሄል እና ቅርንፉድ ታበዛበታለች፤ ጠዋት ነፋሱ ከእሷ በኩል ሲመጣ ፉል ሊበላ የወጣ ሰው ሐሳቡን ቀይሮ እሷ ጋ ይቀር ነበር። «ኤዶ፣ ገበያዬን በሽታ ትወስጂብኛለሽ» ስላት፣ «አንተም በወሬ ትወስድብኛለህ፣ እኩል ነን» ትለኛለች።

እኩል ግን አልነበርንም። በ2010 ሐምሌ መጨረሻ ከተማችን ስትታመስ፣ እኔንና ሚስቴን ሰናይትን እጃችንን ይዛ ጓዳዋ ያስገባችን እሷ ናት። ከሩዝ ጆንያ ጀርባ አስቀምጣን፣ በሩ ላይ በርጩማዋን አድርጋ ተቀመጠች። ሰው ሲመጣ ስትመልስ፣ ስትቆጣ፣ አንዳንዴ ስትስቅ ከውስጥ እንሰማ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አንስታብን አታውቅም። እኔ ላመሰግናት ስጀምር «ሩዙን አልበላችሁብኝም፣ ይበቃል» ብላ ታቋርጠኝ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት በጋ ማዘጋጃ ቤቱ በመንገዳችን ዳር የጎርፍ ቦይ አስቆፈረ። ደስታችን ልክ አልነበረውም። ቦዩ ከሰፈራችን ራስ ተነስቶ፣ በየደጃችን አልፎ፣ ታች ደረቁ ወንዝ ድረስ ይሄዳል ተባለ። አንድ ቀን ቀትር ላይ ማሽኑን ይዘው ሄዱ። ለምሳ ነው ብለን ነበር። ማሽኑ እስካሁን ከምሳ አልተመለሰም። ቦዩ ሜዳው መሀል ሲደርስ በድንገት ያልቃል፤ ፍየሎች ጫፉ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ ያያሉ፣ ከዚያ እነሱም ተስፋ ቆርጠው ይሄዳሉ።

እኛ ነጋዴዎች ደግሞ ሌላ ችግር ነበረብን። ደጃችን ላይ ጉድጓድ ተከፍቶ ደንበኛ ዘሎ አይገባም። ስለዚህ ሁሉም የየራሱን መሻገሪያ መሥራት ጀመረ። መላውን ያመጣው ጋሽ ዘነበ ነው፣ ከእኔ በታች የመኪና መለዋወጫ የሚሸጠው። ባዶ በርሜል ከላይም ከታችም ተቆርጦ ቦዩ ውስጥ ይተኛል፣ በላዩ አፈርና ድንጋይ፣ ከዚያ ሲሚንቶ። ውሃው በበርሜሉ ውስጥ ያልፋል፣ ሰው በላዩ። ሁሉም እንደዚያ አደረገ። ኤዶ ግን ሁለት ሳንቃ ብቻ ጋደም አድርጋ ተወችው።

እኔ በርሜል መግዛት አላማረኝም። ፉል ቤት ውስጥ የማይጠፋ ነገር ቢኖር የዘይት ጀሪካን ነው። ቢጫ ቢጫዎቹን ሰብስቤ አፋቸውንና ቂጣቸውን ቆርጬ፣ አንዱን ካንዱ ሰክቼ እንደ ቋሊማ ደረደርኳቸው። ሰናይት ውሃ ወረፋ ላይ ከሰው ጀሪካን እንዳይቀላቀልብን እያንዳንዱ ላይ በሰማያዊ ቀለም ወፍ ስላበት ነበር። ወፍ ነው የምትለው እሷ ናት፤ ለሌላው ሰው ጫማ ነው የሚመስለው። ሰፈሩ «ባለ ጫማዎቹ ጀሪካኖች» ነው የሚላቸው።

ጎንበስ ብዬ ስሠራ ኤዶ ሻይ ይዛልኝ መጣች። ቆማ ለረጅም ጊዜ አየች።

«ዋርያ ታምሩ፣ ይኼ ይበቃዋል?» አለችኝ፤ ዋርያ በሶማሊኛ «አንተዬ» እንደ ማለት ነው።

«ለምኑ ነው የማይበቃው?»

«ለውሃው።»

«ኤዶ፣ የሚያልፈው እኮ ውሃ ነው፤ ዝሆን አይደለም!»

ሳቀች። እኔን ለማስደሰት እንደሳቀች የገባኝ በኋላ ነው። ብርጭቆውን እስክጨርስ ጠብቃ ወሰደችና ሄደች።

በረንዳዬ ግን ምን ልበላችሁ፣ ያምር ነበር። ጀሪካኑ ርካሽ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ነው የሠራሁት፣ የሰዉ መሻገሪያ ቢሆን የእኔ ሳሎን ነው። አረንጓዴ የፕላስቲክ ወንበሮች ደረደርኩ። ከሰዓት በኋላ ከካራማራ በኩል ነፋስ ሲነሳ፣ ሰው ፉሉን በዳጣና በሎሚ አሽቶ፣ ትኩስ ዳቦ እየቆረሰ ፖለቲካ ያወራል። ሲመሽ በረንዳውን ስጠርግ የሎሚ ልጣጩን፣ የሽንኩርት ቅርፊቱን፣ ደንበኛ የጣለውን የጫት እንጨትና ፌስታል ወደ ቦዩ እገፋለሁ። ሰፈርተኛው ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። ይህን ስል ሌላውን ለመክሰስ አይደለም፤ ነው እንዴ? ይኸው፣ አሁንም ልማዴ አለቀቀኝም።

ሚያዝያ ላይ፣ ሶማሌዎቹ ጉ የሚሉት ዝናብ መጣ። ሳምንታት ሙሉ ሰዉ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ቆይቶ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ካራማራ ጠቆረ፣ የረጠበ አፈር ሽታ መጣ፣ ሁላችንም ደስ ብሎን በረንዳችን ላይ ቆምን። ደስታው ሻይ እስኪጠጣ እንኳ አልቆየም። ከላይ በኩል ቡናማ ውሃ ነጠላ ጫማና የውሃ ላስቲክ እያንከባለለ መጣ። ቦዩ ሞላ። እኔ በረንዳዬ ላይ ቆሜ አየሁት። ውሃው በበረንዳዬ ሥር ይገባል ስል ቆመ። የሚያስብ ይመስል ትንሽ ተሽከረከረ። ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሰና በኤዶ በር ገባ።

ዞር ብዬ የታችኛውን አፍ አየሁ። ከበረንዳዬ በታች ያለው ቦይ፣ ጋሽ ዘነበ ደጅ፣ ቁርጭምጭሚት የማያጠልቅ ውሃ ነበር የሚሄድበት።

ሮጬ ገባሁ። ኤዶ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ቆማ ጆንያ ትጎትታለች። እኔም መጎተት ያዝኩ። ስኳር ሲሟሟ ድምፅ የለውም፤ ጆንያው በእጅህ ላይ እየቀለለ ይመጣና ደስ ይልሃል፣ ቶሎ የጠነከርክ ይመስልሃል። ከዚያ ባዶውን ይዘህ ትቀራለህ። የጓዳው የጭቃ ግድግዳ፣ እኔና ሰናይት የተደገፍነው ያ ግድግዳ፣ እንደ ራሰ ዳቦ ተልፈስፍሶ ወደ ውስጥ ወደቀ። ኤዶ ቀና ብላ አየችኝና በቀስታ፣ «ዝሆኑ መጣ፣ ታምሩ» አለችኝ።

እንዳልሰማ ሆንኩ። ጫጫታ ነበር፣ ዝናብ ነበር። ሰምቻለሁ ግን።

በሳምንቱ ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። ከማዘጋጃ ቤት አንድ ወጣት ኃላፊ መጣ፣ እውነተኛ ወጣት፣ በወረቀት ሳይሆን። አዳራሹ ሞልቷል። ኤዶ ከሴቶቹ ጋር ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሻሿን አገጯ ድረስ ስባ ተቀምጣለች። ልጁ ተነሳና ችግሩ በዋናነት የግንዛቤ እጥረት ነው አለ። ኅብረተሰቡ ቆሻሻ ይጥላል፣ ቦዩን ይደፍናል፣ ኃላፊነቱን አይወጣም፣ ከዚያ መንግሥትን ይወቅሳል።

እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሆዴ ውስጥ ያለውን ነገር አውቀዋለሁ፤ እሱን ለማፈን ድምፄን ከፍ ማድረግ ነበረብኝ።

«ግንዛቤያችን እኮ ሞልቶ ነው ቤት የገባው!» አልኩ። አዳራሹ ሳቀ። ሳቅ ስሰማ ደግሞ አልቆምም። «ቦይ ቆፈራችሁልን፣ እግዜር ይስጣችሁ። መጨረሻውን የት አደረሳችሁት? ለፍየሎቹ ነው ያስረከባችሁት? ማሽኑ ምሳውን ጨርሶ እንደሆነ ጠይቁልኝ!» ሰዉ አጨበጨበ። ከዚያ ወደ ኤዶ ጠቆምኩ። «እቺን እናት እዩዋት! ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው በአንድ ከሰዓት ሲሄድ መንግሥት የት ነበር? ይኼን ጥያቄ የሚመልስ ወንድ አለ?»

ጭብጨባው ጣሪያውን ነቀነቀው። ልጁን ላብ አላበው። ሆኖም ሞኝ አልነበረም። «ልክ ነህ፣ ቦዩ አላለቀም፤ በጀቱ ተቋርጦ ነው፣ ጥፋቱ የኛ ነው» አለ። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ ወንድሜ፤ በረንዳህ ሥር ምን እንዳለ ታውቃለህ?»

እንግዲህ ያቺ ሰዓት ለእኔ ተከፍታ የተሰጠችኝ በር ነበረች። አዎ ብል ያልቅ ነበር። ሰው ይስቅብኝ ነበር፤ ሳቅ ደግሞ ለምጄዋለሁ። እኔ ግን ምን አልኩ?

«ከበረንዳዬ ሥር ያለውን መንግሥት ይወቀው፤ ላዩን እኔ እይዛለሁ!»

ሰው በሳቅ ወንበር ላይ ተንፈራፈረ። ጋሽ ዘነበ ዕንባውን እየጠረገ ጀርባዬን መታኝ። እኔ የማየው ግን ሁለተኛውን ረድፍ ነበር። ኤዶ አልሳቀችም። አልተቆጣችምም። አንድ ሰው ዕቃው የት እንደገባ ሲጠፋው እንደሚያይ ነበር የምታየኝ። ከዚያ ሻሿን አስተካክላ መሬት መሬት አየች። እስከ መጨረሻው ቀና አላለችም።

ግንቦት ሳይጋመስ የተረፈውን ዕቃዋን በአይሱዙ ጭና ወደ ሐርሺን ከተማ፣ ወንድሟ ጋ ሄደች። ልትሰናበተን ስትመጣ ሰናይትን አቅፋ አለቀሰች። እኔን «ደህና ሁን፣ ታምሩ» ብቻ አለችኝ። ዋርያ እንኳ አላለችኝም።

ከሄደች በኋላ በረንዳው ላይ መቀመጥ አልቻልኩም። ሰው ይመጣል፣ «አንተ፣ ያንን ልጅ እንዴት አደረግከው!» ይለኛል፣ እኔ ሻይ እቀዳለሁ። ሰናይት ሦስት ሳምንት ታገሰችኝና አንድ ጠዋት ከጋሽ ዘነበ ዲጂኖ ተውሳ መጥታ እግሬ ሥር ወረወረችው።

በጠራራ ፀሐይ፣ ሰፈሩ ቆሞ እያየ፣ በረንዳዬን አፈረስኩ። ጀሪካኖቹ ከሥር እንደ ቂጣ ተጠፍጥፈው ተገኙ። የቀረችው ቀዳዳ በፌስታልና በጫት እንጨት ተጠቅጥቃለች፣ የሎሚ ልጣጬም አለበት፤ የማን እንደሆነ መካድ አይቻልም። አንዱ ላይ የሰናይት ሰማያዊ ወፍ ተጨፍልቃ በአንድ ዓይኗ ታየኛለች። ጋሽ ዘነበ ጎንበስ ብሎ አየና ቀልድ ይጠብቅ መሰለኝ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ጎንበስ ብዬ ልጣጬን ለቀምኩ።

ሰኔ ላይ ወደ ሐርሺን ሄድኩ። ቀብሪ በያህን አልፎ፣ ሐርተሼክን አልፎ፣ አቧራው በመኪናው ወለል እየገባ ቅንድቤን ነጭ አደረገው። ከኤዶ ፊት ስደርስ ዱቄት የተነፋብኝ ሽማግሌ መስዬ ነበር። የወንድሟ ቤተሰብ ብርካ እያጸዱ ነበር። ብርካ መሬት ተቆፍሮ በሲሚንቶ የተለሰነ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው፤ ሰውም ከብትም በጋውን የሚያልፈው በእሱ ነው። ክረምቱ ሳይመጣ ደለሉን ያወጣሉ፣ ውሃ የሚገባበትን ቦይ ይጠርጋሉ። ኤዶ ጠርዙ ላይ ተቀምጣ ታዛለች።

«በረንዳውን አፈረስኩት፣ ኤዶ» አልኳት፣ ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳልጨርስ።

«ሰምቻለሁ። ጂጂጋ ላይ ያስነጠሰ ሰው እዚህ ይማርህ ይባላል።»

«ጥፋቱ የኔ ነው። ማለቴ... ቦዩም እኮ መጨረሻ የለውም፤ እነሱ ጨርሰውት ቢሆን ኖሮ...»

እጇን አነሳችና አስቆመችኝ። ከዚያ አካፋ ጠቆመችኝ። «ግባ።»

ለይቅርታ ያደረግኩትን ጫማዬን አውልቄ ብርካው ውስጥ ገባሁ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ደለል አወጣሁ። የወንድሟ ልጆች በሶማሊኛ እየቀለዱብኝ ነበር፤ ከገባኝ ቃል አንዱ ፉል ነው። ስወጣ ኤዶ ጭስ የጠገበ የግመል ወተት በትልቅ ጣሳ ሰጠችኝ። ጠጥቼ ጠጥቼ፣ ሆዴ ውስጥ የከረመውን ጥያቄ አወጣሁት።

«ስብሰባው ላይ ለምን አልተናገርሽም? ታውቂ ነበር እኮ።»

ወደ ብርካው እያየች፣ «አንተ ትናገራለህ ብዬ ስጠብቅ ስብሰባው አለቀ» አለችኝ።

ኤዶ አልተመለሰችም። ሱቋ የነበረው አሁን ሞባይል ቤት ነው። አንዳንድ ጊዜ ከሐርሺን የሚመጣ ሰው ወተት ይዞልኝ ይመጣል፤ «ለዚያ ምላሰ ረጅም» ብላ እንደላከችው ይነግረኛል፣ እኔም በደስታ እቀበላለሁ። ቦዩ ዛሬም ሜዳው ላይ ነው የሚያልቀው። በየስብሰባው አሁንም እናገራለሁ፤ ዝም ማለትማ ለእነሱ መመቸት ነው። ብቻ ከመናገሬ በፊት ደጄን አይቼ እወጣለሁ። አንዳንዴ ደግሞ እረሳዋለሁ፣ እንደ ማክሰኞው። ሰው ድስቱን አሳርሮ መንግሥትን ሲጠራ ሌላው ይስቃል፤ ለእኔ ግን ያ የተደረመሰ ግድግዳ ነው የሚታየኝ።

ያን ጊዜ ከሐርሺን ስመለስ፣ መኪናው ሊነሳ ሞተሩ እየጮኸ፣ ኤዶ በመስኮቱ በኩል መጣች። ቅንድቤ ላይ የቀረውን አቧራ በሻሿ ጫፍ ጠረገችልኝና እንዲህ አለችኝ።

«ዋርያ ታምሩ፣ መንግሥትን ስደበው። ሠርቶ ያገኘው ስድብ ነው፣ እኔም እሰድበዋለሁ። ፉልህ ሲያር ግን አትጥራው።»